የጀልባ ሞተር ሲግል ምን ማድረግ ይገባል

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ጀልባ እንደ አህያና እንደ ጋሪ ያለ የሥራ መሣሪያ ነው። ሽንኩርቱንና እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስበት፥ ዓሣ የሚያሰግርበት፥ የታመመ ቤተ ሰብ የሚያሻግርበት እርሱ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፥ ሞተር ያለው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ግን በሐይቁ ላይ መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ነው። ታንኳ የሚጠይቀው መቅዘፊያና ጉልበት ብቻ ነው። ሞተር ግን እንደ በሬ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ካጣም ይሞታል። ሞቱም ከበሬ ሞት ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከጀልባው ኋላ ስለሚታሰረው፥ እግሩን ወደ ውሃ ስለሚያጠልቀው የቤንዚን ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ሞተር የሚገዛው በብዙ ገንዘብ፥ አብዛኛውን ጊዜም በማኅበር ወይም በብድር ነው። ስለዚህ ባለቤቱም ነጂውም ሞተሩ ለምን እንደሚግልና ሲግል ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠንቅቀው ሊያውቁ ያሻል።

እኔ ራሴ የአዝርዕት ባለሙያ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገሩን እንድማር ያስገደደኝ በአንድ የጥቅምት ቀን ያጋጠመኝ ነው። እምቦጭ የሸፈነውን የግጦሽ መሬት ለማየት ከጎርጎራ ተነሥተን ወደ መገጭ ወንዝ መግቢያ በጀልባ እንሄድ ነበር። ዳርቻው በሩቁ ከታየን በኋላ ከሞተሩ ጎን እንደ ቀጭን ክር ይፈስ የነበረው ውሃ ቆመ። «ወንድሜ፥ ይህ ውሃ መቆሙ ደኅና ነው?» ብዬ ነጂውን ብጠይቀው፥ «አይሥጉ ጌታው፥ ደርሰናል» አለኝ። ከዚያም ፍጥነት ጨመረ። ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ቀለም ሸተተን፤ ሞተሩ እንደ ማቃሰት ብሎ ቀጥ አለ፤ ገመዱን ብንስበውም አልንቀሳቀስ አለን። ነፋሱ እየገፋ ወደ እምቦጩ መካከል አስገባን፥ መቅዘፊያ ደግሞ አልያዝንም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሽማግሌ በታንኳ ደረሱልን። የሞተሩን እግር ወደ ላይ ብናነሣው በውሃ መግቢያው ላይ የእምቦጭ ሥር እንደ ጠጕር ተጠቅልሎበት አዩና፥ «ጉሮሮውን አንቃችሁት ነው እኮ ልጆቼ» አሉን። ሥሩን በጣታቸው ላጥ አድርገው አነሡት፤ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ሞተሩ ግን አልዳነም።

ሞተሩ የሚጠጣው ውሃ የት ይሄዳል?

በሞተሩ ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል የእሳቱ ሙቀት ለአፍታ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል። ከዚህ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። ባይወጣ ፒስተኑ እያበጠ፥ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውም ዘይት እየተቃጠለ ሄዶ ሁለቱ ብረቶች ይጣበቃሉ።

መኪና ውሃውን በራዲያተር ውስጥ እያዞረ ይጠቀማል። የጀልባ ሞተር ግን ራዲያተሩ ሐይቁ ነው። ከፕሮፔለሩ፥ ማለት ውሃውን እየገፋ ጀልባውን ከሚያስኬደው ተሽከርካሪ፥ ከፍ ብሎ በሞተሩ እግር ግራና ቀኝ ወንፊት መሳይ ቀዳዳዎች አሉ። ሐይቁ የሚገባው በእነዚህ ነው። ከእነርሱ በላይ ትንሽ ፓምፕ አለች። በፓምፒቱ ውስጥ መካኒኮች ኢምፔለር የሚሉት፥ እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ክንፍ ያለው ጎማ ይሽከረከራል። ይህ ጎማ ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ ገፍቶ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያዞረዋል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከዚሁ ውሃ ጥቂቱ ብቻ ከሞተሩ ጎን በቀጭን ቀዳዳ እየፈለቀ ለነጂው ይታያል። ፓምፒቱ መሥራቷን የሚነግረው ይህ ስለ ሆነ ከእንግዲህ የምልክት ውሃ እንለዋለን።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያመጣው አንድ ነገር አለ። የጣና ፊት ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ፥ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጣና ላይ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ ውሃ ሙቀት አይሸከምም። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ ጥቂት ሊታገሥ የሚችል ሞተር በእኛ ሐይቅ ላይ ትዕግሥቱ አጭር ነው።

ነጂው በምን ያውቃል?

ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ሰከንድ፥ ቢበዛ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፥ የምልክት ውሃው መውጣት አለበት። ጀልባው እየሄደም ነጂው በየጊዜው ዘወር ብሎ ሊያየው ይገባል። ሲጠነክር የነበረው ከቀጠነ፥ ከተቆራረጠ፥ እንፋሎት ከቀላቀለ ወይም እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሞተሩ መታመም ጀምሯል። የተቃጠለ ቀለም ወይም ጎማ ከሸተተ፥ ጉልበቱም ያለ ምክንያት ከደከመ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ሞተሮች ሲግሉ የሚጮኽ ደወል አላቸው፤ አንዳንዶቹም ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። ደወሉን «ያበደ ነው» ብለው ሽቦውን የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። እንዲህ ማድረግ ቤት ሲቃጠል «እሳት!» ብሎ የሚጮኸውን ሰው አፉን እንደ መያዝ ነው።

የምልክት ውሃው ግን ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ አይናገርም። አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቀጭኗ ቀዳዳ ብቻ በጭቃ ወይም በተርብ ቤት ትደፈናለች። ይህን ሞተሩን አጥፍቶ፥ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ በመጎርጎር ማወቅ ይቻላል። በሌላ ወገን ደግሞ የምልክት ውሃው እየፈሰሰም ሞተሩ ሊግል ይችላል፤ ፓምፒቱ ደኅና ብትሆንም ከላይ ያለው መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። ስለዚህ ዓይን ብቻ ሳይሆን አፍንጫና ጆሮም ይሥሩ።

በሐይቁ ላይ እንዳላችሁ ሲግል

የምልክት ውሃው እንደ ቆመ ወዲያውኑ ነዳጁን ቀንሱ፥ ማርሹን ፍቱና ሞተሩን አጥፉ። «ዳርቻው ቅርብ ነው» ማለት አይገባም። አንድ ኪሎ ሜትር ለመቅዘፍ ላብ ይበቃል፤ የተጣበቀ ሞተር ለማሠራት ግን የአንድ መኸር ገንዘብም ላይበቃ ይችላል።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አስቀድሞ የሚነካው ሞተሩ ሳይሆን መልሕቁ ነው። ጣና ጥልቀቱ ትልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ 30 ወይም 40 ሜትር ገመድ ያለው መልሕቅ ወይም በደንብ የታሰረ ከባድ ድንጋይ በብዙው ሥፍራ መሬት ይነካል። መልሕቁ ከጀልባው አፍንጫ ይታሰር እንጂ ከኋላ አይታሰር፤ ከኋላ ቢታሰር ማዕበሉ ሞተሩ ባለበት ዝቅተኛ ቦታ ዘልሎ ይገባል። ሐይቁ ጧት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣበት የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ሁሉ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ይልበስ፤ ሰዎች ወደ አንድ ጎን ተሰብስበው ሞተሩን ለማየት አይንጠራሩ።

ከዚህ ቀጥሎ የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ከቦታው አውጥታችሁ፥ እግሩን ከውሃ በላይ አንሡና የውሃ መግቢያውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያው ይገኛል፤ የእምቦጭ ሥር፥ ፌስታል፥ የመረብ ቁራጭ፥ ወይም ጭቃ ነው። በእጅ ወይም በእንጨት ስንጥር አጽዱት። እምቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የሚነዱ ጀልባዎች ዋና ጠላታቸው ይህ አረም ሆኗል። አረሙ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሥሩ በውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ፓምፒቱም ውሃውን ስትስብ ሥሩን ከወንፊቱ ጋር አጣብቃ ትይዘዋለች። በአረም መካከል ማለፍ ግድ ከሆነ በዝግታ ሂዱ፤ ፕሮፔለሩ ከተያዘም ወደ ኋላ ማርሽ ለአንድ አፍታ መንዳት አንዳንድ ጊዜ አረሙን ይፈታዋል። አረሙ ወፍራም ከሆነ ግን ሞተሩን አንሥቶ በመቅዘፊያ ወይም በረጅም እንጨት እየገፉ ማለፍ ይሻላል።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የሐይቅ ውሃ መድፋት ክልክል ነው። ብረቱ በአንድ ወገን በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ክዳኑን ስትከፍቱም እንፋሎቱ ፊት እንዳይመታ ራቅ በሉ፤ የቤንዚን ሽታ ባለበት ክብሪት አይጫር። 20 ደቂቃ ያህል በራሱ ይብረድ። ከበረደ በኋላ እግሩን ወደ ውሃ መልሱና አስነሡት። የምልክት ውሃው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልታየ አጥፉና መቅዘፊያችሁን አንሡ። ከታየ ግን በዝግታ፥ ዓይናችሁን ሳታነሡበት፥ ወደ ዳርቻ ሂዱ።

አንድ ነገር ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ድንጋይ እየገፋው ከሆነና መልሕቅም ካልያዘ፥ ሞተሩ ቢሞትም ይሙት፤ አስነሡትና ሰውን አድኑ።

በቤት የሚገኙ ምክንያቶች

መግቢያው ንጹሕ ሆኖ ውሃው ካልወጣ፥ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የፓምፒቱ ጎማ ነው። ጎማው በጠባብ ቤት ውስጥ ክንፎቹን አጥፎ ስለሚሽከረከር፥ የሚያለሰልሰው ያው የሚገፋው ውሃ ነው። ያለ ውሃ ቢሽከረከር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል። «እስቲ ይነሣ እንደ ሆነ ልየው» ብሎ ሞተሩን በደረቅ መሬት ላይ ማስነሣት ይህን ጎማ መግደል ነው። መሞከር ያስፈለገ እንደ ሆነ የሞተሩን እግር ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አግቡት፤ ውሃው ከመግቢያዎቹ በላይ በደንብ ከፍ ይበል፥ ማርሽም አይግባ።

እንደ ርብ፥ ጉማራ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ ያሉ ወንዞች በክረምት ብዙ ደለል ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ይህ ደለል ከእኛው ማሳ ታጥቦ የሄደ አፈር ነው፤ እርከን ያልሠራንበት መሬት በሞተራችን ጉሮሮ ይመጣብናል ማለት ነው። አሸዋውም ጎማውንና የጎማውን ቤት እንደ ሞረድ ይበላል። የአምራቾቹ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚያስጠነቅቁት ስለ ባሕር ጨው ነው፤ ጣና ጨው የለበትም፥ የእኛ ጨው ጭቃ ነው። ስለዚህ በደፈረሰ ውሃ የዋለ ሞተር ማታ በበርሜል ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይታጠብ። ጎማውም ደኅና ቢመስል እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ከክረምት በኋላ፥ ቢለወጥ ይመረጣል።

ጎማውን ለመለወጥ የሞተሩ የታችኛው እግር በቡሎን ተፈትቶ ይወርዳል። መጀመሪያ ጊዜ ከመካኒክ ጋር ሆኖ መሥራት ይገባል። አሮጌው ሲወጣ ክንፎቹን ቍጠሩ። አንድ ክንፍ ተሰብሮ ከጠፋ ቁራጩ ወደ ላይ ሄዶ የውሃውን መንገድ ዘግቶ ይሆናልና ሳይፈለግ አዲሱ አይግባ። ጎማውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት በሣር ውስጥ ወድቃ እንዳትጠፋ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። አዲሱን ጎማ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ፥ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ዘንጉን እያዞራችሁ አስገቡት፤ ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቴርሞስታት ነው። ይህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የውሃውን መንገድ የሚዘጋ፥ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይግላል። ለመፈተን በክር አንጠልጥላችሁ በድስት ውሃ ውስጥ ከታቹን ሳይነካ አሙቁት፤ ውሃው ገና ሳይፈላ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ይለወጥ። ብዙ ሰዎች አውጥተው ጥለውት ያለ እርሱ ይነዳሉ፤ ይህን አልደግፈውም። ሞተሩ ሁልጊዜ እንደ በረደ ስለሚሠራ ቤንዚን ያባክናል፥ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል።

ውሃው ሁሉ ደኅና ሆኖ የሚግል ሞተርም አለ። ዘይትን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚሠራ ሞተር ዘይት ሲያንሰው ይግላል። ለብዙዎቹ የታዘዘው ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ ይኸውም ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የቆዩት ሞተሮች ከዚህ የበለጠ ሊፈልጉ ስለሚችሉ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለው ይፈጸም። ዘይቱም ለዚሁ ዓይነት ሞተር የተሠራ ይሁን፥ የመኪና ዘይት አይሆንም። ዘይቱ ለብቻው በሚቀመጥበት ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ጧት በመለኪያው ዘንግ ይታይ።

ጭነትም ያግላል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ በጣና ላይ ከመቶው 17 ወይም 18 ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። በወረቀቱ የተጻፈውን ጉልበት አምኖ ጀልባውን እስከ ከንፈሩ መጫን ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ማሠራት ነው። ጭነቱም ወደ አፍንጫው ከበዛ የጀልባው ኋላ ይነሣና የውሃ መግቢያው በማዕበሉ መካከል አየር ይስባል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል ወይም በጣት ያህል ዝቅ ብሎ ሲታሰር ጥሩ ነው።

ጀልባ የሌላችሁ፥ ነገር ግን በፎገራም ሆነ በሌላ ቦታ በትንሽ የቤንዚን ፓምፕ የምታጠጡ ገበሬዎች ይህን ለራሳችሁ አታንሡት። የእናንተ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት የብረት ክንፎች በገለባና በጭቃ ከተደፈኑ ልክ እንደ ጀልባው ሞተር ይግላል። ውሃ የሚስበው ፓምፕም ውሃ ሳይሞላ ቢነሣ የዘንጉ መዝጊያ ተቃጥሎ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት አይበቃም። በገበያ ቀን ከወደቡ አጠገብ አንድ በርሜል ውሃ አቁሙ፤ ሞተር አስነሥታችሁ የምልክት ውሃውን አሳዩ። ከዚያም መግቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሸፍናችሁ ውሃው ሲቀጥን ያስተውሉ፤ ወዲያውም ሞተሩን አጥፉት። እጅ በፕሮፔለሩ አጠገብ እንዳይደርስ ጨርቁን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ እሰሩት። ያለቀ ጎማና አዲስ ጎማ ጎን ለጎን ይዛችሁ በሰዎች እጅ ብታዞሩ፥ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይረዱታል። ሴቶችና ልጆችም ይጠሩ፤ በጀልባው የሚሳፈሩት እነርሱም ስለ ሆኑ ውሃው ሲቆም መጀመሪያ የሚያዩት ምናልባት እነርሱ ናቸው። ተሳፋሪ «ውሃው ቆሟል» ሲል ነጂው እንዳይቆጣ አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል።

እያንዳንዱ ጀልባ ሁለት መቅዘፊያ፥ መልሕቅ ከነገመዱ፥ በቁጥሩ ልክ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ጎማ፥ ካንዴላ ከመፍቻው ጋር፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቀጭን ሽቦና ቢላዋ ይቀመጥ። ቢላዋው ለመረብ ነው። የናይሎን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ሲቆይ የዘንጉን መዝጊያ ጎማ ይቆርጣል፥ ውሃም ወደ ማርሹ ዘይት ይገባል። የማርሹ ዘይት ሲፈተሽ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

ጎማው የተለወጠበት ቀን በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ፊት በቀለም ይጻፍ። ነጂዎች ይለዋወጣሉ፥ ማኅበሩም ጸሐፊውን ይለውጣል፤ ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ግን ያነበዋል።